እግሯን ያጠፈችው ዳኮታ

አልታዬ ባሏን መምህር ሞላን በሥራ ክፍሉ መደብ ላይ ሞቶ ስታገኘው አልጮኸችም። ከማኅበር የያዘችለትን ዳቦ አስቀመጠች፤ የተዘጋውን መስኮት ከፈተች፤ ፍሙ ገና ያልጠፋውን የከሰል ማንደጃ ተሸክማ ወደ ደጅ አወጣች። ማንደጃውን ከምሳ በኋላ ያስገባችው ራሷ ናት። የመካነ ሰላም የታኅሣሥ ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ የሞላ ሥራ ደግሞ የጣት ሥራ ነበር። ከዚያ የክፍሉ ደጃፍ ላይ ተቀመጠችና ፖሊስ እስኪመጣ ማንንም አላስገባችም።

«ፍሙን ያስገባሁት እኔ ነኝ» ትላለች ለመጣው ሁሉ። «አብሽሪ፣ ቀኑ ደርሶ ነው» ይሏታል። እሷ ግን ፍርዱን በልቧ ጨርሳለች፤ የአርባ ዓመት ባሏን በገዛ እጇ ገድላዋለች። ሐዘኑ እንኳ አልመጣላትም። ሰው ቤት እንደ ተቀመጠ እንግዳ የሚደረገውን ዝም ብላ ታያለች።

ምክትል ኢንስፔክተር ጸደንያ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ሰው ሲመልስላት ወዲያው ሌላ ጥያቄ የማትጠይቅ ሴት ናት፤ ያ ዝምታዋ ብዙ ሰው አስለፍልፏል። አስከሬኑን በፖሊሶች አስወጥታ፣ ክፍሉን ብቻዋን ሰዓት ሙሉ መርምራ አሸገችው። በማግስቱ ከቀብር መልስ ጓሮ ድንጋይ ላይ ከአልታዬ አጠገብ ተቀመጠች።

«እማማ፣ መምህር ያቺን አውሮፕላን ለምን ነበር የሚሠሯት?»

«ለእኔ ነው። ዳኮታ ትባላለች፤ ድሮ እዚህ ሜዳው ላይ ትወርድ ነበር። ወንድሜን ተረፈን ይዛው የሄደች እሷ ናት፤ በስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በአስተርዮ ማርያም ማግስት። ታላቃችን ይሄነው ከገጠር ድረስ ሸኝቶ፣ አሳፍሮት ተመለሰ። ተረፈ በዚያው ቀረ። ደብዳቤ የለ፣ መልእክት የለ። ‹የወሰደችውን እንኳ አላየኋትም› ብዬ አንድ ቀን ባወራ ሞላ ይዞ ተነሣ።»

ተነሥቶም ሁለት ዓመት አልተቀመጠም። ገላዋን ከዘይት ቆርቆሮ ቀጠቀጠ፤ የመስኮቶቿን መስተዋት ከሃይላንድ ቆረጠ፤ ጎማዎቿን ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ፈልፍሎ አወጣ፤ እንዲታጠፉና እንዲዘረጉም ሦስት ወር ለፋባቸው። የምስማሮቿን ራስ በመርፌ ጫፍ ከውስጥ እየወጋ አንድ በአንድ አበቀላቸው። ፎቶ በስልክ ሲያሳዩት «ይቺ ሌላዋ ናት፤ እኔ የምፈልገው የእኛዋን ነው» ይልና፣ በሯ በየት በኩል እንደ ነበር፣ የጎኗ መስመር ምን ቀለም እንደ ነበር ሽማግሌ ለሽማግሌ እየዞረ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ዕብድ ያሉት ሁሉ ዛሬ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ያሞግሱታል።

«መስኮቱስ?» አለች ጸደንያ።

«የከፈትኩት እኔ ነኝ። ብርዱ ሲጠናበት ዘግቶት ይሆናል፣ እንጃ።»

«ምሳ ሲሰጧቸው አውሮፕላኗ የት ነበረች?»

«ጠረጴዛው ላይ፣ በእግሯ ቆማ። ሆዷን ቀለም መቀባት ብቻ ነበር የቀረው። ቀለም ሲቀባ በሽቦ ባላ አድርጎ መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጣትና፣ እስክትደርቅ ጋደም ይላል። ልማዱ ነው።»

ቀጥሎ የተጠራው አራጌ ነው፤ ያኔ የአውሮፕላን ሜዳው ዘበኛ የነበረ፣ ሰማንያውን ያለፈ ሽማግሌ። ከሞላ ጋር መጣላታቸውን አገር ያውቃል።

«ምን አጣላችሁ አባባ?»

«የኋላይቱ ትንሿ እግር አትታጠፍም ብለው፣ ትታጠፋለች ብሎ ሙግት ገጠመኝ! ኋላ የእኔ እውነት ሆነና ታረቅን። ሐሙስ ዕለት መጥቶ ስለ አንዲት ቀን ጠየቀኝ። የማውቀውን ነገርሁት። ፊቱ ጠቆረ፤ ሳይሰናበተኝ ወጣ። በማግስቱ ሞተ አሉኝ።»

«የትኛዋን ቀን?»

ሽማግሌው ሲመልስ አዲስ ለቀስተኞች እየጮኹ ገቡና አልታዬ አልሰማችም። ለመስማትም አልጓጓችም።

በመጨረሻ የመጣው የለቅሶውን ቤት የሚያስተናግደው ታላቅ ወንድሟ ይሄነው ነው።

«ጋሽ ይሄነው፣ መምህርን መጨረሻ ያዩአቸው መቼ ነው?»

«ሳምንት አልፎኛል። የሞተ ለት ከላላ ከተማ ነበርሁ።»

«መልካም አማች ነበሩ ይባላል።»

«ደግ ሰው ነበር። ምን ያደርጋል፣ እግሯን አጥፋ ለተጋደመች ቆርቆሮ ዕድሜውን ፈጀ።»

ጸደንያ ቀና ብላ አየችው፤ አመስግናም አሰናበተችው።

በሰልስቱ ዘመድ ጎረቤቱ በተሰበሰበበት፣ ቄስ ቃለ ክርስቶስ ጸሎት እንዳበቃ፣ ጸደንያ አውሮፕላኗን አምጥታ ሰው መሀል አኖረቻት። ሆዷ ላይ ቁራጭ ጋዜጣ ተጣብቆባታል። ጎማዎቿ ግማሻቸው ብቻ እየታየ ወደ ላይ ተሰብስበዋል።

«ጋዜጣውን እዩልኝ» አለች። «መምህር ሆዷን የቀቡት ዓርብ ከምሳ በኋላ ነው። ቀለሙ ያልደረቀ ዕቃ በሆዱ የሚያስተኛ ሠሪ የለም። የሽቦ ባላው መስኮቱ ሥር ወድቋል፤ ደፉ ላይም ቀለም ተንጠባጥቧል። እንግዲያው አውሮፕላኗ ደፉ ላይ ነበረች። የመስኮቱ መዝጊያ ደግሞ ደፉን ጠርጎ ነው የሚዘጋው፤ እሷ እያለች አይዘጋም። መምህር ጋደም ካሉ በኋላ ሌላ ሰው ገብቶ አነሣት፤ ጋዜጣ የተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ በሆዷ አስተኛት፤ መስኮቱን ዘግቶ ወጣ። እማማ፣ ፍሙን ያስገቡት እርስዎ ነዎት፤ ሞቱን ያስገባው ግን ሌላ ነው።»

አልታዬ ሰማች። ቀለል ይለኛል ብላ ጠበቀች፤ ምንም አልቀለላትም።

«ሦስት ወር የለፉባቸውን ጎማዎችስ በመጨረሻው ቀን ለምን አጠፏቸው? አባባ አራጌ፣ ይንገሩን።»

አራጌ ከዘራውን ተደግፎ ተነሣ። «በስድሳ ስድስት፣ የአስተርዮ ማግስት ዳኮታ አልወረደችም። የንግሡ እንግዳ በቅሎውን ሁሉ ሜዳው ላይ ለቆት፣ ብል ብሠራ ማባረር አቃተኝ። ሁለቴ ዞረች፤ እግሯን ሳትዘረጋ ተመለሰች። በዚህ የተነሣ ከሥራ ልባረር ነበር፤ ወላሂ ያቺን ቀን አልረሳትም!»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ይሄነው ዞረ።

«መምህር ይህን ሲያውቁ፣ ያን ዕለት እንደ ነበረችው አድርገው ሠሯት» አለች ጸደንያ። «ታዲያ ወንድሜን አሳፈርሁት ያሉት ሰው በምን አሳፈሩት? እስከ ዓርብ ምሳ ድረስ አውሮፕላኗ በእግሯ ቆማ ነበር። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ የገባነው እማማ፣ እኛ ፖሊሶችና ገዳዩ ብቻ ነን። ጋሽ ይሄነው ግን ሳምንት አልፎኛል ካሉ በኋላ፣ እግሯን አጥፋ መጋደሟን ነገሩኝ።»

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለ አራጌ፣ ለራሱ እንደሚያወራ።

ይሄነው ለመካድ አልሞከረም። «ዓርብ አስጠርቶ ጠየቀኝ። ‹እስከ ማታ አስብበትና አንተው ንገራት› ብሎኝ ተኛ። አምኖኝ ተኛ።» እህቱን ሳያይ ቀጠለ። «ተረፈን የገደልሁት መንገድ ላይ ነው። በአባታችን ርስት ተጣላን። በዱላ አንድ ጊዜ ብቻ መታሁት።»

«የት ነው ያለው?» አለች አልታዬ።

«ከወንዙ ማዶ፣ ከአቀበቱ ሥር። ድንጋይ ከምሬበታለሁ።»

ያን አቀበት አልታዬ ስንት ጊዜ ወጥታዋለች። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ረስቶኛል ብላ ተረፈን ተቀይማው ኖራለች፤ ልጇን ስትድር እንኳ ስሙን ያነሣ ሰው ላይ ፊቷን አዙራለች። አሁን ቂሟ የሚያርፍበት አጣ።

ቄስ ቃለ ክርስቶስ ጠጋ አሏት። «እናቴ፣ ፍትሐት ይደረግለት። የክርስትና ስሙ ማን ነበር?»

አልታዬ ስሙን አታውቀውም። ተረፈ ክርስትና ሲነሣ እሷ አልተወለደችም፤ እናት አባቷም ከሞቱ ቆይተዋል። ስሙን የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ፖሊሶቹ እጁን አስረው ወደ በሩ እየወሰዱት ነው።

ተነሥታ ተከተለችው።

«አያ ይሄነው፣ የተረፈ የክርስትና ስሙ ማን ነበር?»

ይሄነው ሳይዞር ቆመ። «ወልደ ሰንበት።»

አልታዬ ስሙ እንዳይጠፋት ሁለት ጊዜ ለራሷ አለችው፤ ተመልሳም ለቄሱ ነገረቻቸው።