የአንገተ ድንጋዮች ርክክብ

የግንቡ በር ሊዘጋ ሲል የሰፈሩ ልጆች ዋርካው ሥር ተሰብስበው ዘቡን ማብሸቅ ልማዳቸው ነው።

«አንገተ ድንጋይ! እስቲ ዞረህ እኔን እይ!»

ዘቡ ቢሆነኝ ግን እንደ ወትሮው በቀይ ካባው ውስጥ ተገትሮ፣ ጦሩን ይዞ፣ ሣቁን በጢሙ ሥር ደብቆ ፊት ለፊቱን ያያል። በነገሥታቱ ዘመን የደጁ ዘብ ፊቱን ወደ እልፍኙ አያዞርም ነበር፤ ዛሬ ንጉሥ ባይኖርም ሥርዓቱ ለጎብኚ ሲባል ይጠበቃል። ተተኪው በጓሮ ገብቶ፣ በጨለማው መተላለፊያ መጥቶ፣ የቆመውን ከኋላ ትከሻውን ይነካና «ተረከብሁ» ይላል። የቆመውም «አስረከብሁ» ብሎ፣ ዞሮ ሳያይ ደረጃውን ይወርዳል።

«ቃሉን ሳትሰማ እንዳትመልስ» ብለውት ነበር አለቃው ጋሽ ወንድይራድ፣ ሥራ የጀመረ ዕለት።

«ብመልስስ?»

«እኔም አልጠየቅሁ፤ አንተም አትጠይቅ።»

ዛሬ የቢሆነኝ ልብ እዚያ አልነበረም። ጎረቤቱ እየሮጠች መጥታ «ሚስትህን እናኑን ምጥ ይዟታል፤ ደም እየፈሰሳት ነው፤ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት ሰው የለም» ብላው ተመልሳለች። ተተኪው ጌታሰው ግን የውኃ ሽታ ሆኗል።

ፀሐይዋ ከዋርካው ጀርባ ስትገባ፣ ከመተላለፊያው የሚወጣው የሌሊት ወፍ ኩስና የእርጥብ ኖራ ሽታ እየከበደ፣ እየቀረበ፣ ማጅራቱን እንደ ትንፋሽ ይነካው ጀመር። ከዚያ ባዶ እግር በድንጋይ ላይ ሲጎተት ሰማ። ትንሽ ይሄዳል፤ ይቆማል፤ ደግሞ ይሄዳል። ጌታሰው ጫማውን አውልቆ አያውቅም።

ልጆቹ ድንገት አንገታቸውን አሰገጉ። የሚያዩት እሱን ሳይሆን ከትከሻው በላይ ነበር።

«እንዴ» አለች አንዷ፣ «ዛሬ ሁለት ናችሁ?»

መጣልኝ፣ አለ በልቡ። ወዲያው አንድ እጅ ትከሻው ላይ አረፈ። ቅዝቃዜው ካባውን አልፎ አጥንቱ ድረስ ዘለቀ። ቃሉን ጠበቀ፤ ቃሉ አልመጣም። እናኑ ደም በደም ሆና ታየችው።

«አስረከብሁ!» አለ።

አንድ ሰው በአጠገቡ አልፎ ደረጃውን ወረደ። ቀይ ካባ ለብሷል፤ ግራ እግሩንም ልክ እንደ ቢሆነኝ ሳብ ያደርጋል። ጌታሰው ታች፣ ደጃፉ ላይ፣ እያለከለከ አገኘው።

«ቢሆኔ፣ በሞቴ ይቅር በለኝ፤ መኪና አጥቼ ነው! ሂድ፣ ሩጥ፤ እናኑ ስምህን እየጠራች ነው።»

«እየሄድሁላት ነው» አለ ሰውዬው፣ በቢሆነኝ ድምፅ።

ቢሆነኝ ጮኸ። ከአፉ የወጣው የእርጥብ ኖራ ሽታ ብቻ ነበር። ዙሪያውን ቢያይ የመተላለፊያው ጨለማ ውስጥ ነው፤ እግሩም ባዶ ነው። ጌታሰው ደረጃውን ወጣ፤ ወደ እሱ አየ፤ አላየውም። ካባውን አስተካክሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ቀዩ ካባ ከታች መንገዱን አቋርጦ ወደ እናኑ ቤት ታጠፈ።

ቀድሞት ለመድረስ መውጫው አንድ ብቻ ነበር፤ ቢሆነኝ እግሩን እየጎተተ ቀረበና፣ እጁን በቀስታ የጓደኛው ትከሻ ላይ አሳርፎ፣ መልሱን ይጠብቅ ጀመር።