በስለሺ ስም የወጣ መጽሐፍ

ስለሺ ቅናተኛ መሆኑን የማያውቅ ሰው በአሰብ ማጣሪያ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ራሱ ስለሺ ነው። ጓደኞቹ ሲቀልዱበት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ አፋቸውን ያዘጋቸዋል። እጮኛው ትሩፋት ዕቃ ስትገዛ ባለሱቁ ፈገግ ካለ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሱቅ ያስለውጣታል።

ግን ይወዳት ነበር። ይህን ጠላቱም አይክደውም።

የተገናኙት በ1975 ዓ.ም. አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ነው። እሱ ከዓመት ፈቃድ ሲመለስ፣ እሷ እንግሊዝኛ ልታስተምር ተመድባ ከጎንደር ስትመጣ፣ በአንድ አውሮፕላን ተሳፈሩ። በሩ ተከፍቶ ሙቀቱ ፊቷን ሲገርፋት ደረጃው ላይ ቆመችና «ይቅርታ፣ ይሄ የሞተሩ ሙቀት ነው?» አለችው።

«አዎ፣ ትንሽ ራቅ ስንል ይቀዘቅዛል» አላት።

ራቅ አሉ። አልቀዘቀዘም። ዞር ብላ አየችውና ሳቀች። ስለሺ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ሳቅ የግል ንብረቱ አድርጎ ያዘው፤ ለሌላ ሰው ስትስቅ ካየ የተዘረፈ ያህል ይሰማዋል።

በ1977 ጥቅምት ላይ ሳቁ ጠፋ። ቀለበት አስረው ሠርጋቸውን ከፋሲካ በኋላ ቀጥረው ነበር። ትሩፋት ትምህርት እያስተማረች ድንገት ዝም ትል ጀመር፤ ጠመኔውን ይዛ ሰሌዳው ፊት ትቆማለች፣ ተማሪዎቹም ይጠብቋታል። ምግብ አስጠላት። እንቅልፍ እምቢ አላት። ስለሺ ሐኪም ቤት ወሰዳትና ከሐኪሙ ጋር እሱው ተነጋገረ። ሐኪሙ የነርቭ ነው፣ ትረፍ፣ የሚያስጨንቅ ነገር አታንብብ ብሎ የእንቅልፍ ክኒን አዘዘ። ስለሺም ትእዛዙን የማሽን መመሪያ እንደሚያከብር አድርጎ አከበረው። ምን ሆነሽ ነው ብሎ እሷን መጠየቅ ግን አልታሰበውም። ሐኪሙ ነግሮት የለ!

የወደቡና የማጣሪያው ሠራተኞች በጋራ የሚዝናኑበት ክበብ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ነበረች። ከእንግሊዝኛ መጻሕፍቷ አብዛኞቹ የመርከብ ሠራተኞች ትተዋቸው የሄዱ ናቸው። ኃላፊዋ ወይዘሮ አበዛሽ በቤቱ መተዳደሪያ ደንብ የማይቀልዱ ሴት ናቸው። አባል መሆን የሚችለው የድርጅቱ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ ቤተሰብ ማንበብ ከፈለገ በሠራተኛው ስም ይወስዳል፣ በካርዱም ላይ የሚጻፈው የአባሉ ስም ነው። ትሩፋት አስተማሪ እንጂ የድርጅቱ ሠራተኛ ስላልሆነች የምትዋሰው በስለሺ ስም ነበር። ከሐኪሙ ትእዛዝ በኋላ የተወችው መስሎታል።

አልተወችም።

መጋቢት ላይ አንድ ዓርብ፣ ስለሺ ከጠዋት ፈረቃ ወጥቶ ዓሣ ገዝቶላት ወደ መምህራን ቤት መጣ። ክኒኑን ወስዳ ተኝታ ነበር። ከደብተሮቹ ሥር አንድ ያረጀ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አየና አነሣው። ከኋላው በተለጠፈችው ካርድ ላይ በወይዘሮ አበዛሽ ጽሕፈት ስለሺ፣ ዘካሪያ፣ ስለሺ፣ ዘካሪያ እያለ እስከ ታች ይወርዳል። አራት ወር ሙሉ መጽሐፉ ከሁለቱ ስሞች እጅ ወጥቶ አያውቅም።

ስለሺ ማን እንደሆነ ያውቃል። ዘካሪያ የሚባለውን ግን አያውቀውም።

ገለጠው። የገጾቹ ዳር ሁሉ በእርሳስ ተጽፎበታል፤ ግማሹ የትሩፋት እጅ ነው፣ ግማሹ ጋደም ያለ የሌላ ሰው እጅ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። የስለሺ እንግሊዝኛ የፓምፕና የቫልቭ እንግሊዝኛ ነው፤ የሰው ልብ ውስጥ ብዙ አያስገባም። ቢሆንም አንድ ቦታ ላይ ነገሩ ገባው። «መልስ ስጠብቅ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። የምተነፍሰው እዚህ ገጽ ላይ ብቻ ነው» ይላል የሌላው ሰው እጅ። ከሥሩ ትሩፋት «እኔም» ብላለች። ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ በእሷ እጅ «ሣህሉን ከልቤ አላወጣውም» የሚል አነበበ።

ዘካሪያ ሳያንስ ሣህሉ የሚባልም አለ።

መጽሐፉን ይዞ ወጣ። ዓሣውን ማስቀመጡንም አላስታወሰም፤ ይዞት ሄዶ ይዞት ተመለሰ። ቤቱ ገብቶ ከማራገቢያው ሥር ተቀመጠና ላጲስ አነሣ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ የሷንም የሰውየውንም፣ አንድም ሳይለይ አጠፋው። አንዳንዱ ገጽ ተቀደደ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሰና የላጲሱን ፍርፋሪ ጠርጎ ጣለ። በማግስቱ ለወይዘሮ አበዛሽ መልሶ፣ እግረ መንገዱን ዘካሪያ ማነው አላቸው።

«የወደቡ ዘካሪያ ነዋ። ጨዋ ሰው» አሉት።

ከሁሉ ያበሳጨው ጨዋነቱ ነበር። ትሩፋት መጽሐፉን ስትፈልገው መለስኩት፣ ሐኪሙ ከልክሎሻል አላት። አየችው፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳ አዞረች። እሱም ጥፋተኛ ብትሆን ነው እንጂ ትከራከር ነበር ብሎ ደመደመ።

በሳምንቱ እረፍት ሲሆን ወደብ ወረደ። የእርዳታ ስንዴ የጫነ መርከብ እየተራገፈ ነበር። ዘካሪያ ቀጭን፣ ረጅም የአፋር ሰው ነው፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚወርደውን ጆንያ ይመዘግባል።

«ዘካሪያ አንተ ነህ?»

«ነኝ። ማን ልበል?»

«ስለሺ እባላለሁ። ከማጣሪያው።»

ዘካሪያ መዝገቡን ዘጋ። «ወላሂ፣ አንተን ነው የምፈልገው» አለ ቀስ ብሎ። «አራት ወር ሙሉ ለሚስቴ ስትጽፍ የነበርከው አንተ ነህ።»

ስለሺ ሊማታ ያነሣው እጅ የት እንደሚያርፍ ጠፋው። «እኔ ለሚስትህ? ለእጮኛዬ የምትጽፈው አንተ አይደለህ እንዴ?»

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ከኋላቸው አንድ ጆንያ ፈርጦ ወዛደሮቹ ተንጫጩ፤ አልሰሟቸውም።

«መጽሐፉን የምታነበው ሐስና ናት» አለ ዘካሪያ። «ይዤላት እሄዳለሁ፣ ይዤ እመልሳለሁ። ካርዱ ላይ የኔ ስም ነው ያለው።»

በራሱ ስም አንዲት ሴት መጽሐፍ እንደምትወስድ እያወቀ፣ ከሌላው ወንድ ስም ጀርባም ሌላ ሴት ትኖራለች ብሎ ለቅጽበት እንኳ አላሰበም። ያቺ «ያልጠረጠረ» የምትል ተረቱ ለዚህ ለዚህ አትሆንም ነበር። «በእኔም ስም የምትወስደው ትሩፋት ናት» አለ።

ዘካሪያ ጥላ ሥር አስቀመጠውና ነገረው። ሐስና ባሕር ማዶ፣ የመን ዓደን ያደገችና የተማረች ናት፤ ዐረብኛና እንግሊዝኛ ትጽፋለች፣ የአማርኛ ፊደል ግን አታውቅም። የመጀመሪያ ልጇ በተወለደ በሰባተኛው ቀን ሞተባት። ከዚያ ወዲህ ዓመት ሙሉ ቃል ከአፏ አልወጣም። ዘመድ ጂን ነው አለ፤ ቁርኣን ተቀራባት፣ ታጠነች፣ ዝም እንዳለች ቀረች። አንድ ቀን ትወድ እንደሆነ ብሎ ይህን መጽሐፍ ወሰደላት። በዳሩ ላይ የሰው እጅ ጽሑፍ አየች። በማግስቱ እርሳስ ስጠኝ አለች፤ በዓመት የመጀመሪያ ቃሏ ይኸው ነበር።

«ካርዱ ላይ ስለሺ የሚል ሳይ ቅናት አቃጠለኝ» አለ ዘካሪያ። «ግን እርሳስ ስጠኝ ያለችኝ ቀን ፊቷን አየሁት። ቅናቱ ይግደለኝ እንጂ እርሳሱን አልቀማትም አልኩ።»

ስለሺ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

«ሰኞ ዕለት ወሰድኩላት። ገልጣ ገልጣ አንድ ፊደል አጣች። ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮዋ ዝም ብላለች። የምፈልግህ ልጣላህ አልነበረም። ምን እንዳስቀየምንህ ልጠይቅህና፣ እባክህ እንደገና ጻፍላት ብዬ ልለምንህ ነበር።»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ ስለሺ። «በላጲስ።»

ዘካሪያ ረጅም ጊዜ አየው። ቢመታው ይሻል ነበር። ተነሥቶ መዝገቡን ገለጠና ወደ ጆንያዎቹ ተመለሰ።

ስለሺ ከወደቡ በቀጥታ ትሩፋት ዘንድ ሄደ። ሳይቀመጥ ሁሉንም ነገራት፤ ጥርጣሬውን፣ ላጲሱን፣ ዘካሪያን። እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ለብዙ ወራት ያልሰማውን ያህል ተናገረች፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም።

«መጽሐፉ ላይ ያለው ደራሲ ስሙ የወንድ ነው አይደል? ሴት ናት የጻፈችው። ከመቶ ዓመት በፊት። አንዲት የወፍጮ ባለቤት ሚስት እሑድ ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ ዝም ትላለች። አንዱ ሐኪም ማሕፀኗ ነው ይላል፣ አንዱ ደሟ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ማንበብ አብዝታ ነው ይላል። በዚያ ዘመን ያዘነችም የተቆጣችም ሴት በሽተኛ ነበረች። ጸሐፊዋ ይህን ስለምታውቅ ቁጣዋን ለበሽተኛዋ ሰጠች፤ ስሟን ደግሞ ለወንድ። እኔና ሐስና ያንኑ ነው ያደረግነው። ባንተና በባሏ ስም ተደብቀን አወራን።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ?»

ቅናት ግን ውሻ ነው፤ እያፈረም ይነክሳል። «ሣህሉስ?» አለ።

ትሩፋት አልጋው ላይ ተቀመጠች። «ወንድሜ ነው። ታናሼ። የዛሬ ሰባት ዓመት በጥቅምት፣ በቀይ ሽብሩ፣ ጎንደር ላይ ወሰዱት፤ በማግስቱ መንገድ ላይ ተጥሎ ተገኘ። ማልቀስ ክልክል ነበር። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ተቀመጠች፣ እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ እስከዛሬ ይዤው ኖርኩ። ስሙን በዚህ ሁሉ ዓመት የጻፍኩት እዚያ መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው። እሱን ነው ያጠፋኸው።»

ቀለበቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ውሰደው አላለችም። «ሂድ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሠርጉ የተቀጠረበት ቀን መጥቶ አለፈ። ስለሺ መጽሐፉን ከወይዘሮ አበዛሽ ተዋሰ፤ በራሱ ስም፣ ለራሱ። መዝገበ ቃላት ይዞ ከፈረቃ መልስ በየቀኑ ሁለት ገጽ፣ ቢበዛ ሦስት ገጽ ያነባል። ጓደኛው ደስታው ከመቼ ወዲህ ነው ምሁር የሆንከው እያለ አላገጠበት። ሙቀቱ እየባሰ ሄደ፣ ላቡ ገጹ ላይ ይንጠባጠባል፤ እሱ ግን አላቋረጠም። የወፍጮ ቤቱን ጌታ ገና ሲያገኘው ጠላው። ገጾቹ በገፉ ቁጥር ግን ሰውየው ራሱን እየመሰለው መጣ።

በዚህ መካከል ትሩፋት ሐስናን ቤቷ ድረስ ሄዳ ፈለገቻት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ባሕሩ ዳር አያቸው። ሐስና ስትናገር ትሩፋት ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። ስለሺ ቆመ። ቀናባት፤ በወንድ የሚቀናውን ያህል በዚያች ሴት ቀና። የሣህሉን ነገር ከሱ በፊት የሰማችው ሐስና ናት፤ እሱ አጠገቧ እየተቀመጠ ክኒን ይቆጥር ነበር። ያን ዕለት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቅናቱን ተከትሎ አልሄደም። አልፏቸው ቤቱ ገባ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ አንድ እሑድ ረፋድ፣ የትሩፋትን በር አንኳኳ።

«ጨረስኩት» አላት። «በሽታዋ ምን እንደሆነ መጽሐፉ ላይ የለም። ሐኪሞቹም ባሏም እርስ በርስ ነው የሚጠያየቁት። እሷን የጠየቃት የለም።»

ትሩፋት ከበሩ ፈቀቅ አለችለት።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ አልመጣሁም። ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።» ጫማውን አውልቆ መሬት ላይ፣ ሐዘንተኛ ፊት እንደሚቀመጥ ሰው ተቀመጠ። «ሣህሉ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?»

ነገረችው። ግራኝ ነበር። ኳስ ሲሸነፍ ያለቅሳል። ሽሮ አይወድም። የሞተ ዕለት የለበሰውን ሹራብ የሠራችለት እሷ ናት፤ አንዱ እጅጌ ከሌላው አጥሮ ስላሳፈረው እየተጨቃጨቁ ነበር የተለያዩት። ስለሺ አላቋረጣትም፤ አጽናናሁ ብሎም አልተናገረም። ስትጨርስ ብቻ፣ ሰባት ዓመት ማንም ያላላትን ቃል አላት።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ትሩፋት ጮኸች። ሰባት ዓመት የታፈነ ለቅሶ ወጣ፤ ደረቷን እየመታች ወንድሜን፣ ወንድሜን አለች። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ቀበሌው ሩቅ አይደለም። እጇ ወደ መስኮቱ ሲሄድ ስለሺ አየ። ተነሣና መስኮቱን እንዳለ ትቶ በሩንም ወለል አድርጎ ከፈተው።

ጎረቤቷ እትዬ አልጋነሽ ለቅሶውን ሰምተው እየሮጡ መጡ። ከደጃፉ ላይ ቆመው «ምነው፣ ማነው የሞተው?» አሉ።

«ሣህሉ ይባላል» አላቸው ስለሺ። «ወንድማችን ነው።»

እትዬ አልጋነሽ መቼ ብለው አልጠየቁም። ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ።