የዘሀራ አውራ ጣት

ወዳጄ፣ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ኩታዬን አራግፌ የምሄድ ሰው ነኝ። ጂን መኖሩን ቁርአን ይላል፣ እሱን አልክድም፣ ግን ግራና ከተማ ገበያ ላይ «አየሁ» እያለ የሚምለውን ሁሉ «ጫቱን ቀንስና እራትህን ብላ» ስለው ነው የኖርኩት። ደግሞ ይህ የምነግርህ በጨለማ የሆነ አይደለም፣ ከአሱር ሰላት በኋላ ነው፣ ፀሐይ መስኮቱ ላይ እያለች፣ ወልድያ ከተማ መሃል ባጃጅ እየጮኸ። ጫትም አልቃምኩም።

አያቴ በእጁ የጻፈው ኪታብ፣ የዲን መጽሐፍ፣ አለን፣ በቆዳ ማኅደሩ ሆኖ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል። እኔ ቁርአን ቤት ብዙ አልቆየሁም፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነው የማነበው፣ ቢሆንም ኪታቡን በመልኩ አውቀዋለሁ፣ እስከ ግማሹ ጥቁር ቀለም ነው፣ ከዚያ ወዲያ ቀይ ይገባበታል። በጦርነቱ ከቤት ስንሸሽ ባለቤቴ ዘሀራ መታወቂያዋን ረስታ ኪታቡን አዝላ ወጣች። ቤቱ ተቃጠለ፣ መታወቂያው ላይ የነበረችው ጉርድ ፎቶዋም አብራ ተቃጠለች። ሌላ ፎቶ አልነበራትም፣ ከዚያ ወዲህም አልተነሳችም፣ አትወድም ነበር።

አገር ረጋ ሲል ከወልድያ፣ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ሰዎች መጡ፣ ባለ ሦስት እግር ካሜራና ኮምፒውተር ይዘው። አሮጌ ኪታብ ሁሉ ገጽ በገጽ ፎቶ ይነሳል፣ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ የሚመራመር ሰው የትም ሆኖ ያየዋል፣ ዋናው ቢጠፋ እንኳ እሱ አይጠፋም አሉ። እኔ አይሆንም አልኩ። ዘሀራ ግን «አንዴ አዝዬዋለሁ፣ ሁለተኛ የማዝልበት ወገብ የለኝም፣ ያንሱት» አለችኝ፣ እሷ ካለች ደግሞ አለች ነው። ችግሩ፣ በእኛ ቤት ኪታቡ ያለ ውዱእ፣ ለሰላት እንደሚታጠቡት ሳይታጠቡ፣ አይነካም፣ ካሜራ የያዘችው ትርሓስ የምትባል የወልድያ ልጅ ደግሞ ክርስቲያን ናት። ስለዚህ ዘሀራ ታጥባ፣ ውዱእ አድርጋ መጥታ፣ ገጹን እየገለጠች በአውራ ጣቷ ትይዝላት ጀመር። ያቺን ጣት ባየሃት፣ እንሶስላ የማይለያት፣ በልጅነቷ ማጭድ ቆርጧት ጥፍሯ ለሁለት የተሰነጠቀ።

«እማማ፣ ጣትዎ ፎቶው ውስጥ እየገባ ነው» ትላለች ትርሓስ።

«ይግባ! ጣቴ ጅብ ነው እንዴ፣ ኪታቡን ይበላዋል?»

«ኧረ እማማ፣ ጣትዎማ ያምራል፣ እንሶስላም ሞቋል።»

«ለሰርግሽ እኔው አሞቅሻለሁ፣ አሁን ዝም ብለሽ አንሺ።»

የጥቁሩ ቀለም ገጽ ፎቶ ተነስቶ እንዳለቀ ዘሀራን ትኩሳት ያዛት፣ ከዚያ አልተነሳችም። ትርሓስ ለለቅሶ መጣች፣ ሰንበት ብላም ቀሪውን ልታነሳ ተመለሰች፣ የቀዩን ቀለም ገጽ ሁሉ ውዱእ አድርጌ የያዝኩት እኔ ነኝ፣ በዚህች እንደ መጥረቢያ እጀታ በደረቀች ጣቴ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ የዘሀራ ፊት እየጠፋኝ መጣ። ለሰው አልተናገርኩም፣ ያን ያህል አብረሃት የኖርካት ሰው ፊቷ ይጠፋል ብትል ማን ያምንሃል፣ ግን ወላሂ ይጠፋል፣ አፏ ሲመጣልህ ዓይኗ ይሄዳል። አንድ ጠዋት ስነሳ ጣቷ ትዝ አለችኝ። ጣቷ ፎቶ ተነስታለች እኮ! መርሳ ከተማ ወጥቼ ሚኒባስ ይዤ ወልድያ ገባሁ፣ አሱርን ሰግጄም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ።

ትርሓስ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፣ ወንበር አመጣችልኝ፣ የአያቴን ስም ስትጽፍ ኪታቡ ወዲያው መጣ፣ ማሻ አላህ፣ ያ ሁሉ ገጽ። ግን ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ ነው፣ እንደ ከፈን።

«እጇስ?» አልኳት።

«የማን እጅ አባባ?»

«የዘሀራ ነዋ! አንቺው ያነሳሽው።»

«አባባ፣ ሶፍትዌሩ ያጠፋዋል» አለች። «ጣት ሲያገኝ እንደ እድፍ ነው የሚቆጥረው፣ በወረቀቱ መልክ ይሸፍነዋል።»

«እድፍ?»

«ማሽኑ ነው አባባ፣ እኔ አላልኩም።»

«እዚያ ቤት ውስጥ ውዱእ የነበራት እሷ ብቻ ናት፣ ለማሽንሽ ንገሪው! ጣቷ ሳትጠፋ የነበረው ፎቶስ?»

«ቦታ እንዳይይዝ ተሰርዟል» አለች፣ ወለሉን እያየች።

ወዳጄ፣ ዋናው ቢጠፋ እሱ አይጠፋም ያሉኝ እነዚሁ ናቸው። ዋናዋ ጠፋችብኝ፣ የቀረችኝን ደግሞ እነሱ ጠረጉልኝ፣ አገር ያወቀ ጥበብ ነው ብለው። «ሁሉንም ገጽ ሳላይ ከዚህ አልነሳም» አልኳት። እሷም አልተከራከረችኝም፣ የምጫናትን ቁልፍ አሳይታኝ ወደ ሥራዋ ዞረች።

አንድ በአንድ ገለጥኩ፣ ምንም የለም። ጥቁሩ ቀለም ሊያልቅ ሲል ኮሽታ ሰማሁ፣ ደረቅ ወረቀት ሲገለጥ ያለ ኮሽታ፣ ቁልፏን ሳልነካ። «ማራገቢያው ነው አባባ» አለች ትርሓስ ከጠረጴዛዋ፣ እኔም ማራገቢያ ነው ብዬ ቀጠልኩ። ቀዩ ቀለም ላይ ስደርስ በገጹ ጠርዝ የጥላ ነገር አየሁ። በሚቀጥለው ገጽ ጥፍር። በሚቀጥለው አውራ ጣት፣ እንሶስላ የሞቀ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ።

«ነይ» አልኳት።

መጣች፣ አየች። «ይህን ገጽ የያዙት እርስዎ ነዎት» አለች። «በካሜራው የእርስዎን ጣት ነው ያየሁት፣ እማማ እኮ ያኔ...» አልጨረሰችውም። እጄን ይዛ ገልብጣ አየችው፣ ከዚያ ተመልሳ ኮምፒውተሩን።

«አትሚልኝ» አልኳት፣ «ቶሎ በይ።»

ማተሚያው ወረቀቱን ሲተፋ ጽሑፉ ብቻ ነው፣ ጣት የለም። ቀና ስንል ከኮምፒውተሩም ላይ ጠፍታለች። ወደሚቀጥለው ብታልፍ እዚያ አለች፣ አሁን እስከ አንጓዋ። እሱንም ብታትም እንደዚያው፣ በያዝናት ቁጥር ከዚያ ገጽ ትጠፋና ወደሚቀጥለው ትሄዳለች፣ ኮሽታውም አብሯት። እመነኝ፣ እልህ ያዘኝ፣ «ድገሚ፣ ድገሚ» እያልኩ ገጹን ጨረስኩት። ትርሓስ «አባባ፣ የመጨረሻው ገጽ ነው» አለች። «ላትመው?»

«ተይው። አትንኪው።»

ከፊቱ ተቀመጥኩ፣ መግሪብ አዛን እስኪል ድረስ። ጣቷን ላያት ነበር የመጣሁት፣ አየኋት። ግን ረጋ ብዬ ሳያት አንድ ነገር ልብ አልኩ፣ አውራ ጣቷ እንደ ሌሎቹ ገጾች ወረቀቱን ተጭና አልያዘችም፣ ከማዕዘኑ ሥር ገብታለች፣ ጥቂት አንስታዋለች፣ ሰው ሊገልጥ ሲል እንደሚያደርገው። ከዚያ ገጽ በኋላ ደግሞ ምንም የለም፣ ኪታቡ እዚያ ያልቃል።

ትርሓስ ገጹን ሳልነካ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት ብላኛለች። አሁን ስትደውል ጤናዬን ትጠይቃለች፣ ስለ ዝናቡ ትጠይቃለች፣ እኔ ግን «ገልጣዋለች?» ነው የምላት። «አልከፈትኩትም አባባ» ትለኛለች። ትናንትም አለችኝ። ድምጿ ግን ቀጥኖ ነበር፣ ያየውን እንደሚደብቅ ሰው።