ማሽኑን ማን ያቆመዋል?

ሬሳው የተገኘው ከምድር ቤቱ ደረጃ ግርጌ ነው። የሠራተኛ ማኅበራት ማሠልጠኛውን ቤት የሚጠብቁት አዛውንት ተጨማሪ ወንበር ሊያወጡ የምድር ቤቱን በር ከፍተው መብራቱን ሲያበሩ አንዲት ሴት በደረቷ ተደፍታ አዩ። ጠዋት ከሁሉም ቀድማ መጥታ የፊተኛውን ወንበር የያዘችው የጥጥ መዳመጫ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ከሻይ ዕረፍት በፊት እጇን እያወጣች ስትጠይቅ የሰሟት ሁሉ ከምሳ በፊት አስከሬኗን አዩ።

ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች «አዳልጧት ነው» ብለው ሊጽፉ ምንም አልቀራቸውም። መርማሪዋ የመጣችው ያኔ ነው። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል፤ ፊት ለፊት የሚደፍር ግን የለም። ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃውን ከመውረዷ በፊት ከላይ ሆና ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተችው።

«አባባ፣ በሩን ሲከፍቱ መብራቱ በርቶ ነበር?»

«ኧረ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነበር ልጄ። እኔ ነኝ ያበራሁት።»

«መስኮት የለውም?»

«ምን መስኮት አለው! እዚያ ውስጥ ቀንም ሌሊትም አንድ ነው።»

መርማሪዋ ወደ ፖሊሶቹ ዞረች። «አዳልጧት ከሆነ፣ ከሞተች በኋላ ተነስታ መብራቱን አጥፍታ ተመልሳ ተኝታለች ማለት ነው። ወይም ስለ ሥራ ላይ አደጋ ልትማር የመጣች ሴት፣ ማብሪያው እጇ ሥር እያለ በጨለማ ደረጃ ወርዳለች። የትኛውን ነው የምትጽፉት?»

የትኛውንም አልጻፉም። እሷም እያነከሰች ወርዳ ከሟቿ አጠገብ ተንበረከከች። የቀኝ እጇን መዳፍ ስትገልጥ በጣቶቿ መሐል ቀጭን የመስታወት ስባሪ ተሰክቶ አገኘች፤ ቁስሉ ትኩስ ነው። በደረጃው ላይ ግን የተሰበረ ነገር አልነበረም። ከተበላሹ ወንበሮች ክምር ጀርባ ስትፈልግ የእንጨት ክፈፍ ወጣ። መስታወቱ ጥጉ ላይ ተሰብሯል፣ በውስጡ የነበረው ፎቶግራፍ የለም።

ክፈፉ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ከአዳራሹ ውጭ ባለው መተላለፊያ ግድግዳ ላይ በየዙሩ የሠለጠኑ ሰዎች የቡድን ፎቶ በተርታ ተሰቅሏል። በመጨረሻው ረድፍ አንድ ምስማር ባዶውን ቀርቶ፣ ከሥሩ ያለው ቀለም ከሌላው ግድግዳ ነጣ ብሎ ይታያል።

«ትናንት አቧራውን ሳራግፍ ሁሉም ነበሩ» አሉ አዛውንቱ። «የጎደለው የአምናዎቹ ይመስለኛል።»

«እነማን ነበሩ?»

«እንዴት ብዬ ልወቅ ልጄ? ሰው ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይሄዳል። ፊቱ ሁሉ ተቀላቅሎብኛል።»

አሠልጣኙን አስጠራች። ጡረታ የወጣውን ሰው ተክቶ ዘንድሮ የተቀጠረ ወጣት ነው። ከሻይ በኋላ ሠልጣኞቹን ለሁለት እንደከፈላቸው ነገራት። ግማሾቹ ከእሱ ጋር በአዳራሹ የድርድር ልምምድ ሲያደርጉ፣ ሌሎቹ በመመገቢያ ክፍሉ የሠራተኛ ጥያቄዎችን ያዘጋጁ ነበር።

«አዳራሹ ውስጥ ያጣኸው ሰው አልነበረም?»

«የጎደለብኝን ሁሉ እዚያኛው ክፍል ነው አልኩ።»

«እዚያኛውም ክፍል እንደዚያው ብሏል» አለች መርማሪዋ።

ሠልጣኞቹን ሁሉ አንድ ባንድ ጠየቀች። አብዛኛው አጠገቡ የነበረ ሰው መሰከረለት። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ግን የት እንደነበረ የሚያውቅ አልተገኘም። ጠዋት ከሟቿ ጋር በወንበር ሲጨቃጨቅ የሰሙትም ብዙዎች ናቸው።

«ወንበሬን ያዘችብኝ፣ ተናገርኳት፣ አለቀ» አለ ሹፌሩ። «በወንበር ሰው ይገደላል? እኔ ለባለቤቴ ልደውል ወጥቼ ከውጭው በር ዘበኛ ጋር ስከራከር ነበር። አላስገባም ብሎኝ! ጠይቁት።»

የውጭውን በር ዘበኛ ጠየቁት። እንዲያውም ክርክሩ ገና እንዳልበረደለት አሳያቸው።

ቀጥሎ የገቡት የሟቿ ፋብሪካ የማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ሽበታቸው ያማረ፣ ድምፃቸው የረጋ፣ ሰው ሲያያቸው ወንበር የሚለቅላቸው ዓይነት ሰው ናቸው። ዓይናቸው ቀልቷል።

«እንደ ልጄ ናት» አሉ። «አምና ወንድሟን ማሽን በላብን፣ ዛሬ ደግሞ እሷን። ለእናቷ ምን ብዬ ልንገር?»

«ከሻይ በኋላ የት ነበሩ?»

«አዳራሹ ውስጥ፣ ከኋላ። በሽበቴ ተማሪ ሆኜ እያፈርኩ ተቀምጬ ነበር። የመጀመሪያዬ ነው።»

«ትምህርቱስ ገባዎት?»

ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «የድርድር ልምምድ ነው። አሠልጣኙ አሠሪ ይሆናል፣ እኛ ሠራተኛ። እግሩን አነባብሮ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ፣ ‹ማሽኑ ለአፍታም አይቆምም፣ ያልተመቸው በሩ ክፍት ነው› ሲለን አንጀታችን አረረ። ኋላ ግን እያሳቀ ዘዴውን አስረዳን።»

መርማሪዋ አመስግና ሸኘቻቸው።

ከእሳቸው በኋላ የገባችው ነርስ ከመቀመጧ በፊት ውኃ ለመነች። ድምጿ ሻክሯል።

«አመመሽ እንዴ?»

«ጩኸት ነው። ጠዋት ስንቱን ከሥራ ሳባርር!» ብላ ሳቀችና ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። «ይቅርታ፣ መሳቂያ ጊዜ አይደለም። አጠገቤ ነበር የተቀመጠችው። ስለ ልጇ ስታጫውተኝ ነበር። እሷ ሥልጠና እንድትመጣ ልጅቷ ፈረቃዋን ይዛላታለች፤ እዚያው ማሽን ላይ።»

«ወንድሟን የገደለው ማሽን ላይ?»

«እሱን እኔም አላወቅሁም ነበር። ብቻ አሠልጣኙ ጠዋት፣ ‹የሠለጠነ የደኅንነት ተወካይ አደገኛ ማሽን የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ያስቆማል› ሲል ክንዴን ጨበጠችኝ። አሁን ድረስ ያመኛል።»

መጨረሻ ላይ የቀረችው ቦታ የምታስይዘው መዝጋቢዋ ናት። ሥራዋ ሁሉ በስልክ ነው። ለሚቀጥለው ዙር ሰው ልትመዘግብ ዛሬ በአካል መጥታ፣ ሙሉውን ጠዋት በመመገቢያ ክፍሉ ውስጥ በብዙ ሰው ፊት ተቀምጣ ነበር።

«የሟቿን ድምፅ በደንብ አውቀዋለሁ» አለች። «ቦታ ሞልቷል ስላት መልሳ ትደውላለች። ሌላ ሰው ሲቀር ሰጠኋት። ያኔ፣ ‹እንዳምናው አይሰረዝም አይደል?› አለችኝ። እኛ ጋ ሥልጠና ተሰርዞ እንደማያውቅ፣ አምናም ከፋብሪካቸው ሰው መጥቶ እንደነበር ነገርኳት። ‹መጥቶ ነበር?› ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ።»

«ማን ነበር የመጣው?»

«ስሙን አላስታውስም። ወዲያው ደግሞ ሊቀመንበራቸው ደውለው፣ ካልመጣሁ ብለው ድርቅ አሉ። ወንበር አስጨመርኩላቸው።»

መርማሪዋ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወንበሮቹ ጠዋት እንደተደረደሩ ነበሩ፤ የፊተኛው ላይ የተቀመጠ የለም። እሷ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተደግፋ ጉልበቷን እያሸች ጀመረች።

«መብራቱ ሌላ ሰው አብሯት እንደነበረ ነገረኝ። ከጣቷ ያወጣሁት ስባሪ ደግሞ ክፈፉን ከግድግዳው ያወረደችው ራሷ መሆኗን አሳየኝ። ሌባ ፎቶ ለመስረቅ መስታወት ይሰብራል? አይሰብርም። አንስታ ይዛው ነበር፣ አንድ ሰው ሊነጥቃት ሲታገል ተሰበረ። ታዲያ በአምና ሠልጣኞች ፎቶ ውስጥ ምን አየች? እዚያ መኖር የሌለበትን ሰው አየች። ሥልጠናው አምና ተሰርዟል ተብሎ የተነገራት ሴት ናት።»



«እስቲ ሁላችሁንም ልጠይቅ። ዛሬ ጠዋት በልምምዱ አሠሪ የሆነው ማን ነው?»

«እሷ ናት» አሉ ብዙ ሰዎች ባንድ ላይ፣ ወደ ነርሷ እያመለከቱ።

«እኔ እንደ ቀድሞው አሠልጣኝ መጫወት ስለማልችልበት ለእሷ ሰጠኋት» አለ አሠልጣኙ። «እንዲያውም ከእኔ በላይ ቻለችበት።»

«‹ያልተመቸው በሩ ክፍት ነው› የሚለውስ?»

አዛውንቱ ከበሩ አጠገብ ሆነው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «እሱማ የዱሮው አሠልጣኝ ነው። በየዙሩ ይላታል። ዘንድሮ ያላት የለም።»

መርማሪዋ ወደ ኋለኛው ረድፍ ተመለከተች። እስካሁን «እርስዎ» ስትላቸው የነበሩትን ሰው አሁን በሌላ አነጋገር ጠራቻቸው።

«ዛሬ ያልተሰጠ ትምህርት ከየት አየህ፣ ሊቀመንበር?»

 የሊቀመንበሩ ሽበት ያው ነው፣ ሰውየው ግን በአንድ ጊዜ ያረጀ መሰለ። ነርሷ ወንበሯን ይዛ ከአጠገቡ ራቀች።

«የደኅንነት ተወካይ ሆነህ አምና ሠለጠንክ» ቀጠለች መርማሪዋ። «ማሽን ማስቆም እንደምትችል ተማርክ። ወደ ፋብሪካህ ስትመለስ፣ ‹ሥልጠናው ተሰረዘ› አልክ። ለምን?»

«ተቆጣጣሪ ሊያደርጉኝ ነበር» አለ ሊቀመንበሩ ወደ መሬት እያየ። «ማሽን የሚያስቆም ሰው አይሾምም። ምንም የማላውቅ ብመስል ይሻለኛል አልኩ። ከዚያ ወንድሟ መጣ፤ ‹የማሽኑ መከለያ ወልቋል፣ እጄን ሊበላኝ ነው› አለኝ። እኔ ምን ሥልጣን አለኝ ልጄ፣ ሥራህን ሥራ አልኩት። በማግሥቱ ሞተ። እሷ ያን ሁሉ ጊዜ እያመሰገነችኝ ነበር። ቀብሩ ላይ አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ እኮ። ዛሬ ፎቶውን ደረቷ ላይ ይዛ መጥታ፣ ‹ታውቅ ነበር?› አለችኝ። ሰው እንዳይሰማን ወደ ምድር ቤቱ በር ወሰድኳት። ‹ለፋብሪካው ሁሉ አሳየዋለሁ› ስትል ልነጥቃት ሞከርኩ፤ አልለቅም አለች፤ ገፋኋት። ወርጄ ፎቶውን ወሰድኩ፣ ስብርባሪውን ለቅሜ ክፈፉን ወንበሮቹ ኋላ ደበቅሁ። ስወጣ መብራቱን ያጠፋሁት ሳላስበው ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሁልጊዜ የማጠፋው እኔ ነኝ።»

ፖሊሶቹ ሊይዙት ሲጠጉ መርማሪዋ እጇን አንስታ አስቆመቻቸው።

«አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። መከለያው ተገጥሟል?»

«አልተገጠመም» አለ ሊቀመንበሩ። ነርሷ ገባትና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ልጅቷ!» አለች። «ልጅቷ እኮ አሁን እዚያ ናት።»

መርማሪዋ የጠረጴዛውን ስልክ አንስታ ከፊቱ አኖረችው፤ ሁሉም እንዲሰማም ድምፁን ከፈተችው። «ደውል። ቃሉን ታውቀዋለህ፣ ሁለት ጊዜ ነው የተማርከው።»

ቁጥሩን መታ። ከማዶ የማሽን ጩኸት አዳራሹን ሞላው፤ በጩኸቱ መሐል የፈረቃ ኃላፊው «ሄሎ!» እያለ ይጮኻል።

«እኔ ነኝ» አለ ሊቀመንበሩ። «እንደ ደኅንነት ተወካይ ነው የማዝህ። መዳመጫውን አሁኑኑ አቁመው።»

«እሺ» አለ ሰውየው።

ይኸው ነው። አልጠየቀም፣ አልተከራከረም። ጩኸቱ እየዘቀጠ ሄዶ ዝም አለ። ይህን አንድ ቃል ለማለት ሁለት ሰው እስኪሞት ተጠብቋል። ሹፌሩ በቁጭት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከማዶ ስልኩን ሌላ ሰው ተቀበለ። የልጅቷ ድምፅ ነው፤ ሲሮጥ የመጣ፣ ደስ ያለው።

«ጋሼ፣ ማሽኑን አስቆምክልን? እማዬ ናት አይደል ያስደወለችህ?»

ሊቀመንበሩ ስልኩን ለመርማሪዋ ዘረጋላት። እሷ አልተቀበለችውም።