ከያና ማዶ ያለው ሣር

ድርቆሹ ባለቀ ማግስት፣ ቱያራ ያረገዘችውን ባዝራ ከበረት አውጥታ ወደ ያና ወንዝ ነዳቻት። ግንቦት ገብቶም በረዶው ከጉልበቷ በላይ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ በጋን ስትለምን ከርማለች። ባሏ በጥቅምት ከሞተ ወዲህ የቀሯት ይህቺ ባዝራና ባይባል የሚባለው ሽማግሌ አማቷ ብቻ ናቸው፤ እሱም ጠመንጃውን አንግቶ አብሯት ወጥቷል። ከወንዙ ማዶ ያለውን ተረተር ፀሐይ ቀድማ ስለምታገኘው ሣሩ ቶሎ ይገለጣል። ዛሬ እዚያ ካልደረሱ ባዝራዋ አታድርም።

«አባባ፣ በጋ ዘንድሮ ረሳችን እንዴ?»

«አፍሽን ዝጊ፤ ጥርስሽን ብርድ ይጨርሰዋል።»

ነፋስ ተነሣ። በረዶውን እያፈሰ ፊታቸው ላይ ይረጨው ጀመር። ባዝራዋን ከለላ አድርገው ተኮራመቱ። ሲያባራ ሦስት ተኩላዎች ከኋላቸው ቆመዋል፤ ጎናቸው ከስቶ አጥንታቸው ይቆጠራል።

ባይባል ጠመንጃውን ደግኖ ቃታውን ሳበ። ቀጭ አለ እንጂ አልተኮሰም፤ ውስጡን ብርድ ይዞታል።

«በረዶው ወደሚጠነክርበት ላይኛው መሻገሪያ ተኩላዎቹ አያደርሱንም። በዚሁ እንቁረጥ።»

«በዚህ በኩል በረዶው ሳስቷል ብለውኝ አልነበር?»

«አሁንም እላለሁ። ቅደሚ!»

ባዝራዋን እየሳበች ወንዙ ላይ ወጣች። ከእግሯ ሥር ውሃ ሲንሿሿ ይሰማታል። ዞር ስትል ተኩላዎቹ ዳር ላይ ቆመዋል፤ አልተከተሉም። ከሁሉ በላይ ያስፈራት ይህ ነበር።

መሀል ሲደርሱ በረዶው እንደ ጥይት ጮኸ። ባይባል እስከ ብብቱ ሰመጠ።

«ባዝራዋን ይዘሽ ሂጂ!»

ቱያራ በሆዷ ተኝታ የባዝራዋን ገመድ ጫፍ ወረወረችለት። «ክንድዎ ላይ ይጠምጥሙት!»

«እብድ! ሦስታችንም እናልቃለን!»

«ይጠምጥሙት አልኩ!» አማቷ ላይ ጮኻ አታውቅም። ሽማግሌው ታዘዘ። ቱያራ ተነሥታ ባዝራዋን በጡጫዋ መታቻት፤ ሰኮናዋ ተንሸራተተ፣ ከዚያ በረዶውን ቆንጥጦ ያዘ፤ ባዝራዋም ሽማግሌውን ጎትታ አወጣችው።

ተረተሩ ላይ የአምና ሣር ቢጫ ሆኖ ተገልጧል። ባዝራዋ አንገቷን ደፍታ መጋጥ ጀመረች። ቱያራ እሳት አንድዳ አማቷን በራሷ ካፖርት ጠቀለለችው። ያኔ ወንዙ አጓራ። ቤት የሚያክል በረዶ ተነሥቶ የተሻገሩበትን መንገድ ደቆሰው።

«በጋሽ መጣችልሽ» አለ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ።

ቱያራ አልሳቀችም። «ፈርቻለሁ፣ አባባ።»

«እኔም» አለ ሽማግሌው፤ ከአፉ እንዲህ ያለ ቃል ሰምታ አታውቅም። ጠጋ ብሎ ከእሳቱ ዳር ቦታ ለቀቀላት። ፀሐይዋ ብትሞቅም፣ ያን ቀን ሁለቱም ለወንዙ ጀርባቸውን አልሰጡም።