ከጨንቻ ቁልቁል የመለሰልኝ ድምፅ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የሚያወራ ሰው አልወድም። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አንዱ መምህር "እኔ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት" ብሎ ሲጀምር ብርጭቆዬን ይዤ ጠረጴዛ የምቀይር ሰው ነኝ፣ አባቴ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፣ ልጅ ሆኜ "ጋኔን ይወጣል" ተብሎ ጉባኤው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ የኔ ዓይን ብቻ ነበር የሚቁለጨለጨው፣ ምን እንደሚወጣ ላይ፣ ምንም ሲወጣ አላየሁም። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ሁለትና ሁለት አራት ነው፣ አለቀ። እና አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ "ሂድ ወዲያ!" እለው ነበር፣ እናንተም በሉኝ፣ አልቀየምም፣ ብቻ ሳትጨርሱ ጠረጴዛ እንዳትቀይሩብኝ።

ነገሩ የሳይክል ነገር ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ ማውንቴን ሳይክል ያለው ሰው ሞልቷል፣ ተራራ ይዞት የሚወጣ ግን እኔና አሸናፊ ብቻ ነበርን፣ ሌላው ታች ሲቀላ ሰፈር አስፋልት ላይ ወዲያ ወዲህ ሊልበት ነው የሚገዛው። ደግሞ ሲገዙ! ፊትም ኋላም ስፕሪንግ ያለውን ይመርጣሉ፣ ያምራላ! እመኑኝ፣ የኋላ ስፕሪንግ ያለው ርካሽ ሳይክል ማለት ዳገት ላይ ጉልበታችሁን እየበላ እንደ ፍየል የሚዘል ነገር ነው፣ የፊት ስፕሪንግ ይበቃል፣ የተረፈውን ብር ፍሬን ላይ አውሉት፣ ከቻላችሁ ዲስክ ፍሬን፣ ቁልቁለት ላይ የሚያድናችሁ መልክ አይደለም። ይሄን ሁሉ ያስተማረኝ አሸናፊ ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የላንቴ ልጅ ነው፣ እናቱ እማማ አስቴር ሙዝ ነው የምታመርተው፣ እሱ ከተማ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይሠራ ነበር፣ እኔ ደግሞ የሆሳዕና ልጅ ነኝ፣ እዚህ አገር ያመጣኝ ሥራ ነው፣ ዘመድ የለኝ፣ ሚስት የለኝ፣ ያለኝ አሸናፊ ነበር።

"ኤርሚ፣ ድንጋዩን አትየው፣ ድንጋዩን ካየኸው ድንጋዩ ላይ ነው የምትወጣው፣ ማለፊያውን እይ!" ይለኝ ነበር። ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት ነው፣ መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ ፍሬን የሚጨመድድ ሰው ጥርሱን ይሰናበት፣ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ እንጂ ዝም ብሎ ይዞ መውረድ የለም፣ የፍሬኑ ሸራ ይቃጠላል። ቂጥ ወደ ኋላ፣ ክንድ ላላ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሕግ ነበረን፣ የሁለታችን ሕግ፣ ስንወርድ የፊተኛው ያየውን ይጣራል፣ ድንጋይ ካየ "ድንጋይ!"፣ ላም ካየ "ከብት!"፣ ጎርፍ የቦረቦረው ካየ "ቦይ!"፣ የኋለኛው ደግሞ "አየሁት!" ብሎ መመለስ አለበት። መልስ ካልመጣ የፊተኛው ይቆማል፣ ይጠብቃል፣ ትቶት አይሄድም። አንድ ጊዜ ላንቴ አስፋልቱ ላይ ከጭነት መኪና የወደቀ የሙዝ ቅጠል አንሸራቶን ሁለታችንም ተያይዘን ተንከባለልን፣ ከዚያ ወዲህ ጭቃም ይሁን ዘይት፣ የሚያዳልጥ ነገር ሁሉ በኛ ቋንቋ "ሙዝ!" ሆኖ ቀረ፣ ሰው ሲሰማን ይስቅብን ነበር።

ከዚያ አሸናፊ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። እንደሌሎቹ በሞያሌ በኩል፣ በመኪናም በእግርም። ለመንኩት፣ ተጣላሁት፣ አልሰማኝም። ከኬንያ ደወለ፣ ከዚያ ደግሞ ስሙን በደንብ ካልሰማሁት አገር ደወለ፣ "እማዬን ሳይክሌ ላይ ዶሮ እንዳታሰፍርበት በላት" ብሎ ሳቀ፣ ከዚያ በኋላ የለም፣ ዓመት አለፈው። አንዱ እስር ቤት ነው ይላል፣ አንዱ መንገድ ላይ የቀሩ አሉ ይላል፣ የላከው ደላላ ስልኩን አጥፍቷል። ዘመዶቹ ሰብሰብ ብለው መጥተው እማማ አስቴርን "እርምሽን አውጪ፣ ለቅሶ እንቀመጥ" አሏት፣ እሷ ግን "ልጄ ሞተ ያለኝ ማነው? ማን አየ?" ብላ ወንበሩን እንኳ አላስዘረጋቻቸውም። እኔም ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ገና አጥሩ ጋ ሳልደርስ "ደወለልህ?" ትለኛለች፣ "ገና ነው እማማ" እላታለሁ፣ "ይደውላል" ትለኛለች፣ ሙዝ ትሰጠኛለች፣ እሄዳለሁ።

ብቻዬን መንዳቴን ግን አልተውኩም። እሁድ ከተማው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ እኔ ሳይክሌን ሚኒባስ ላይ ጭኜ ጨንቻ እወጣለሁ፣ ከዚያ ቁልቁል እስከ ዋናው መንገድ እወርዳለሁ። ድሮ ያንን መንገድ ስወርድ የምስቀው ሳቅ! አሁን አፌን ሳልከፍት የምወርድበት ቀን አለ፣ ማንን አናግራለሁ? አንዳንዴ ድንጋይ ሳይ "ድንጋይ!" ልል አፌን እከፍትና ኋላዬ ማንም እንደሌለ ትዝ ይለኛል፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ አልቅሼም አውቃለሁ።

የዚያን ዕለትም እሁድ ነበር፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ማታ እንዳይመስላችሁ፣ ጠራራ ቀን ነው፣ ከምሳ በኋላ። ጨንቻ ሻይ ጠጣሁ፣ ከጎማዬ ትንሽ አየር አስተነፈስኩ፣ ኮረኮንች ላይ ደረቅ ጎማ ይዘላልና፣ ኮርቻዬን ዝቅ አደረግኩ፣ ፍሬኔን ጨበጥ ጨበጥ አድርጌ አየሁት፣ ደህና ነው። ከከተማው እንደወጣሁ ጉሙ መጣ። ጨንቻ ጉም አዲስ አይደለም፣ የዚያን ቀኑ ግን የፊት ጎማዬን እንኳ ደብዛዛ አደረገብኝ፣ ቀርከሃው የለ፣ እንሰቱ የለ፣ መንገዱም እየታየ የሚጠፋ ሆነ፣ መመለስ ነበረብኝ፣ ግን ወዴት ነው የምመለሰው? ማን ይጠብቀኛል? ቀስ እያልኩ ወረድኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት የኋላ ጎማ ድምፅ ነው። ሳይክል የምትነዱ ታውቁታላችሁ፣ ፔዳል ሳትመቱ ስትንሸራተቱ የሚሰማው ጠርርርር የሚል፣ የኔ መስሎኝ ፔዳሌን መታሁ፣ የኔ ዝም ሲል ያኛው ቀጠለ፣ ከፊቴ፣ ጉሙ ውስጥ። ስሙኝማ፣ አልፈራሁም፣ ደስ ነው ያለኝ! ሌላ ሰው አለ፣ ፈረንጅም ይሁን ማንም፣ ይሄን ቁልቁለት እንደኔ የሚወርድ ሰው አለ! ፍሬኑን ላላ አደረግኩና ልደርስበት ገፋሁ።

"ድንጋይ!" አለ።

"አየሁት!" አልኩ፣ አስቤ አይደለም፣ አፌ ነው ያለው፣ እውነትም በርጩማ የሚያህል ድንጋይ መሐል መንገድ ላይ ተቀምጧል፣ በግራ አለፍኩት። ትንሽ ቆይቶ "ከብት!" አለ፣ "አየሁት!" አልኩ፣ አንዲት ጥቁር ላም እረኛ የሌላት ቆማለች፣ ንቅንቅ እንኳ አላለችም። ማን እንደሆነ ገና አልጠየቅኩም፣ ሁሉም ሳይክል ነጂ እንዲህ ይጣራል ብዬ ነው መሰለኝ፣ ብቻ ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ሰው ከፊቴ ሆኖ እየተጣራልኝ ነው፣ ጉሙ ውስጥ ብቻዬን ጥርሴን ገልጬ እየሳቅኩ ነበር።

ከዚያ "ሙዝ!" አለ።

ጨንቻ ላይ ሙዝ አይበቅልም። ደጋ ነው፣ ፖምና እንሰት ነው ያለው፣ የትኛው ጤነኛ ሰው ነው እዚያ ላይ "ሙዝ" ብሎ የሚጮኸው? "አየሁት" ማለት አቃተኝ፣ መታጠፊያው ውስጥ ገብቼ ፍሬን ያዝኩ፣ ታውቃላችሁ፣ አይያዝም ብያችኋለሁ፣ ቀይ ጭቃ ነበር፣ የኋላ ጎማዬ ሄደ፣ በጎኔ ተንሸራትቼ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆምኩ፣ ከጠርዙ በታች ጉም ብቻ ነው። ተነስቼ መጀመሪያ ያየሁት ጭቃውን ነው። የኔ ጎማ መስመር አለ። ሌላ መስመር የለም።

"አሹ!" ብዬ ጮህኩ፣ "አሸናፊ! አንተ ነህ?" ስልኬን አወጣሁ፣ ኔትወርክ የለም፣ ቢኖርስ ማን ጋ እደውላለሁ።

ሳይክሉን እየገፋሁ ወረድኩ፣ ትንሽ እንደሄድኩ ጉሙ ሳሳ፣ ከዚያ ድንገት ከበላዬ ቀረ፣ ታች ዓባያና ጫሞ ሜዳው ላይ ተኝተዋል፣ ፀሐይ ነው፣ መንገዱም እስከ ታች ድረስ እጥፍጥፉ ሁሉ ይታያል፣ ሰው የሚባል የለበትም። ቀርከሃ የተሸከሙ ሁለት እናቶች ዳገቱን እየወጡ ነው፣ ጋሞኛዬ ከሰላምታ ስለማያልፍ በአማርኛ "እናቶቼ፣ ሳይክል የያዘ ሰው ወረደ?" አልኳቸው።

"የለም" አለችኝ አንደኛዋ በተሰባበረ አማርኛ፣ ሸክሟን ሳታወርድ።

"ማንም አላለፈም?"

"ሲጣራ ሰማን፣ ሁለት ሰው። ይሄ ይጣራል፣ ያ ይመልሳል። አንተ ብቻ መጣ።" ጓደኛዋን አየት አድርጋ በጋሞኛ አንድ ነገር አለቻት፣ ከዚያ ወደ ጉሙ መግባቱን ትተው የመንገዱ ዳር ላይ አረፉ።

እኔስ? ሳይክሌ ላይ ወጣሁ፣ ከዚያ ቦታ መራቅ ብቻ ነው የፈለግኩት። ትንሽ እንደወረድኩ ጎርፍ መንገዱን ሰንጥቆታል፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ልማድ ነው፣ "ቦይ!" ብዬ ተጣራሁ።

"አየሁት!"

ከኋላዬ። ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ። አሁን እኔ ፊተኛ ሆኛለሁ፣ እሱ ኋለኛ፣ መቼ አለፍኩት? በየት በኩል? ድምፁ ግን የአሸናፊ ነበር፣ ስለሱ አትከራከሩኝ፣ ያንን ድምፅ ከሺህ ሰው መሐል እለየዋለሁ፣ ጥርጣሬ ቢኖረኝ ይሄን ሁሉ አላወራላችሁም ነበር።

ቆምኩ። ሕጋችን ነዋ፣ የኋለኛው እስኪመጣ ይጠበቃል። ጠበቅኩ፣ እናቶቹ ተነስተው ሄዱ፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ አለች፣ አልመጣም። ከዚያ እኔ ምንም ሳልጣራ፣ አንዲት ቃል ከአፌ ሳትወጣ፣ "አየሁት!" አለ። "አየሁት!" አለ ደግሞ፣ ልክ አንድ ሰው እየጠራው እሱ እንደሚመልስ፣ የሚጠራው ሰው ግን ለኔ አይሰማኝም። ሳይክሌን ጥዬ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ፣ ጉሙ መንገዱን የሚቆርጥበት ቦታ ድረስ፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው ያህል ቆምኩ፣ እዚያ ውስጥ ትንፋሽ ይሰማል፣ ብዙ መንገድ የሄደ ሰው ትንፋሽ፣ ቅርብ ነው፣ በጣም ቅርብ። "አሹ፣ ና ውጣ" አልኩት። አልወጣም። እኔም አልገባሁም፣ ፈራሁ፣ ምን ልበላችሁ፣ ጓደኛዬን ፈራሁት። ወርጄ ሳይክሌን አንስቼ፣ ፍሬን ሳልይዝ ማለት ይቻላል፣ ዋናው መንገድ ድረስ ሄድኩ።

ወደ ሲቀላ መታጠፍ ሲገባኝ ወደ ላንቴ ታጠፍኩ። ለእማማ አስቴር ምንም ላልነግራት ወስኜ ነበር፣ እውነቴን ነው። እሷ ግን ጭቃዬን አየች፣ ፊቴን አየች፣ "ደወለልህ?" ማለቷን ትታ "ምን ሆነሃል ልጄ?" አለችኝ፣ ከዚያ በኋላ ምላሴን የሚይዘው ጠፋ፣ የሆነውን ዘከዘክኩት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፣ አላለቀሰችም፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

"ሲመልስልህ ድምፁ ደህና ነበር?"

"ደህና ነበር እማማ" አልኳት። ስለ ትንፋሹ አልነገርኳትም።

"ቅርብ ነበር?"

"ቅርብ ነበር።"

"እና ትተኸው መጣህ?"

ቁጣ የለበትም፣ እመኑኝ፣ እንዲሁ ነው የጠየቀችኝ፣ እኔ ግን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ቆይታ "የሚመጣው እሁድ ይዘኸኝ ትወጣለህ" አለችኝ፣ "እኔ እጠራዋለሁ። ከመለሰልኝ ልጄ አለ፣ ማንም ለቅሶ እንዳይለኝ። ካልመለሰልኝ እርሜን አወጣለሁ፣ እኔም ደክሞኛል ኤርሚያስ።" ልከራከራት ሞከርኩ፣ እማማ፣ ዳገት ነው፣ ብርድ ነው፣ ጉሙ ሁልጊዜ አይኖርም፣ የባጥ የቆጡን ቀባጠርኩ። ልላት የፈለግኩት ግን ሌላ ነው፣ የመለሰ ሁሉ አለ ማለት ነው ወይ? እሱን እንዴት አድርጌ ለእናት እላለሁ?

ባይመልስላት አለቅሳለሁ፣ አብሬያት እቀመጣለሁ፣ ይሄ የሰው ወግ ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ቢመልስላት ነው፣ ምክንያቱም እሷ እንደኔ አትፈራም፣ ሰተት ብላ ትገባለች። ትናንት ሐሳቧን ላስቀይራት ብዬ ላንቴ ሄጄ ነበር፣ የአሸናፊን ሹራብ አጥባ ግቢው ውስጥ ሽቦ ላይ አስጥታዋለች፣ "እዚያ ላይ ብርድ ነው ብለኸኛል" አለችኝ፣ እጅጌውን ወደ ፀሐዩ እያዞረች። ነገ እሁድ ነው።