ሜላት ያሳጠረችው ሊንክ

ጋሽ ጩማ ስልካቸውን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው፣ «እስቲ እዩልኝ፣ መነጽሬ ነው ወይስ እውነት ነው?» አሉ።

የእሁዱ አምልኮ ካበቃ ቆይቷል፤ ሕዝቡ ግን ገና ከግቢው አልወጣም። ስልኩን የተቀበሏቸው የሜላት አባት አቶ ቦልቴ አንዴ አየት አድርገው፣ ሕፃናት እንዳያዩት ቶሎ ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ሜላት ከጎናቸው ስለነበረች ያየችውን አይታለች። ግማሽ ራቁቷን የሆነች ሴት ኳስ ታቅፋ ትስቃለች፤ ከሥሯ በትልቁ «አሁኑኑ ይወራረዱ፣ የመጀመሪያው በነፃ» ይላል።

ጋሽ ጩማ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው። ሲቆጡ ድምፃቸው ከዳሞታ ተራራ ማዶ ይሰማል እየተባለ ይቀለድባቸዋል። የዚያን ቀን ግን አልጮኹም፤ ሜላትን ያስፈራትም ይኸው ነበር። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገልጠው የመጨረሻውን ባዶ ገጽ አሳዩ። በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጠንቅቀው የጻፏት አንዲት አጭር የኢንተርኔት አድራሻ አለች።

«በገዛ እጄ ነው የጻፍኳት» አሉ። «እዚህ ላይ ቁማር ጻፍኩ።»

እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ጥሩ ነበር። ያቺን ሊንክ ባለፈው እሁድ የጉባኤው እኩሌታ መጽሐፍ ቅዱሱ ጀርባ ላይ ገልብጧታል። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ እንደዚያ ነው የሚያዘው፤ ከመድረክ ይነበባል፣ ነጭ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። በአምልኮ ሰዓት ስልክ ማውጣት ነውር ስለሆነ፣ ሰው ያለው ወረቀት መጽሐፍ ቅዱሱ ብቻ ነው። ቤቱ ሲደርስ ከዚያ እያየ ስልኩ ላይ ይጽፈዋል።

ሊንኩ ከሶዶ፣ ከበዴሳና ከዲምቱ ለሚመጡ ተማሪዎች የወጣቶች ኮንፈረንስ መመዝገቢያ ነበር። የፎርሙ ትክክለኛ አድራሻ ፊደልና ቁጥር የተዘበራረቀበት ሦስት መስመር ሙሉ ነው። አምና እሱኑ ሰሌዳ ላይ ጽፈውት ስንቱ ሰው ሲገለብጥ ተሳስቶ ሳይመዘገብ ቀረ። ዘንድሮ ሜላት «ለኔ ተዉት፣ አሳጥረዋለሁ» አለች። ረጅሙን አድራሻ ሲሰጡት አጭር አድርጎ የሚመልስ ነፃ ድረ ገጽ አግኝታ፣ በኢሜይሏ ተመዝግባ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አሳጠረችው። ሦስት ጊዜ ሞከረችው፤ ሦስቱንም ጊዜ ቀጥ ብሎ ፎርሙን ከፈተላት። ከዚያ ጽሕፈቱ ስለሚያምር ሰሌዳው ላይ እንዲጽፈው ለጓደኛዋ ለቢኒ ሰጠችው።

አቶ ቦልቴ ወደ ልጃቸው ጎንበስ ብለው፣ ቀስ ብለው ጠየቋት። «ሜላት፣ ይህችን የጻፋት ማነው?»

«ቢኒ ነው የጻፈው» አለች።

ውሸት አልነበረም። ሰሌዳው ፊት ማርከር ይዞ ሲቆም ጉባኤው ሁሉ አይቶታል። አባቷ መጠየቅ የፈለጉት ግን ሌላ እንደሆነ ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ በፊት አውቃዋለች። አውቃው ነው የመለሰችው።

ቢኒ አምና ከመናኸሪያው ጀርባ ካለ አንድ ቤቲንግ ቤት ሲወጣ ታይቶ ከመዘምራን ታግዶ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ብቻውን ተቀመጠ። ከሦስት ሳምንት በፊት በጉባኤው ፊት ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሽማግሌዎቹም እጃቸውን ጭነውበት ጸልየው መለሱት። የዚያን ዕለት ሜላትም አልቅሳለች።

አሁን ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ቢኒ የፕላስቲክ ወንበር ደራርቦ ተሸክሞ እያለፈ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያየው ጊዜ ቆም አለና፣ ማንን እንደሚያዩ ለማወቅ ወደ ኋላው ዞሮ ተመለከተ።

ቤት ስትደርስ ክፍሏን ዘግታ ድረ ገጹን ከፈተች። ሊንኳ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ተከፍቷል። እሷም ነካችው፤ ከፎርሙ በፊት ያቺ ሳቂታ ሴት መጣች፣ ከላይ «አምስት ሰከንድ ይጠብቁ» ይላል። ጋሽ ጩማ አምስት ሰከንድ የሚጠብቁበት ምክንያት አልነበራቸውም።

ከዚያ መጀመሪያ ልታነበው የሚገባትን አነበበች። በእንግሊዝኛ በደቃቅ ፊደል፣ በነፃ የተሠራ ሊንክ ከመቶ ጊዜ በላይ ከተከፈተ ማስታወቂያ እንደሚገባበት ተጽፏል። ከሥሩ «ተስማምቻለሁ» የምትል ሣጥን አለች፤ ሜላት ምልክት አድርጋባታለች። ያንን ሁሉ ማን ያነባል? እሷ ሦስት ጊዜ ስትሞክረው ንጹሕ የነበረው ገና መቶ ስላልሞላ ነበር።

መጀመሪያ ቀላሉን አደረገች። ረጅሙን አድራሻ የበዴሳና የዲምቱ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፋ፣ «በዚህኛው ተመዝገቡ» አለች። ለምን እንደሆነ አልጻፈችም። ከዚያ አጭሯ ሊንክ አጠገብ ያለችውን ማጥፊያ ቆማ አየቻት። አንዴ ብትነካት ሊንኳ ትጠፋለች፤ ማን እንደሠራት የሚያሳየው ስምና ቀንም አብሮ ይጠፋል። ቢኒ እንዳልሠራት የሚያሳየውም ያው ነው፤ ሌላ ማስረጃ የለም። ጣቷን አንስታ መለሰች። አላጠፋችውም፤ አልተናገረችምም።

ፈርታ ነበር። ወጣቶች ለአገልግሎት ኢንተርኔት ይጠቀሙ የሚለውን ሐሳብ ሽማግሌዎች ፊት ያቀረቡት አባቷ ናቸው። ሲከራከሯቸው «ልጄ ታውቅበታለች፣ እኔ ዋስ ነኝ» ብለው ነበር። ስልኩንም የሰጧት ያኔ ነው። አሁን ብትናገር የምታፍረው ብቻዋን አይደለም።

ማታ ለእራት የምትወደው ሙቿ ቀርቦላት አልወርድ አላት። አቶ ቦልቴ ቢኒን አልሰደቡም። «ይቅር ብለነው ነበር እኮ» አሉ ለእናቷ፣ አዝነው። ቢሳደቡ ይሻላት ነበር።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ቢኒ ራሱ ከላይብረሪው ጀርባ አገኛት። ይጮህብኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሁልጊዜው «ሳሮ» ብሎ ሰላም ብሏት ከጎኗ ግድግዳውን ተደገፈ።

«አባትሽ ትናንት ቤት መጡ» አለ። «ሰሌዳው ላይ የጻፍከው አንተ ነህ ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ። ጽሕፈቱ የኔ ነዋ።»

«ሊንኩን ማን ሠራው አላሉህም?»

«አላሉኝም። መጻፉም መሥራቱም ለሳቸው አንድ ነው።»

«አንተ ለምን አልነገርካቸውም?»

ቢኒ ሊስቅ ሞክሮ ተወው። «እኔ? ቤቲንግ ቤት የተያዝኩት ልጅ፣ እኔ ሳልሆን የርስዎ ልጅ ናት ልበላቸው? አይ ሜሊ፣ ጭራሽ ይብስብኛል።» ቀጥሎም፣ «አንቺ የምትነግሪያቸው መስሎኝ ነበር» አለ።

የወቀሳ ድምፅ አልነበረውም። ሜላት ጫማዋን ታይ ጀመር።

ሽማግሌዎች ለረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት እንደጠሩት ነገራት። ድጋሚ ከታገደ በቃው፤ ሁለተኛ እዚያ መድረክ ላይ ቆሞ ይቅርታ አይጠይቅም። እናቱንም ሁለተኛ አያስለቅስም። ይህን ሁሉ የነገራት ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ረጋ ብሎ ነበር። ቀጥሎ ያለው ግን ድምፁን ሰበረው።

«ታውቂያለሽ፣ ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ራሴንም ጠረጠርኩ። ስልኬ ላይ የቀረ ነገር ይኖር ይሆን? ሳላውቅ ነካክቼ አበላሽቼው ይሆን? እውነት እኔ ነኝ እንዴ?»

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ስለ መቶው፣ ስለ ሣጥኗ፣ ስለ ሁሉም።

«አይመስለኝም» አለች።

እያወቀች «አይመስለኝም»። ደወል ተደወለና ቢኒ ወደ ክፍሉ ሄደ። ከእሁዱ መልሷ ይልቅ ይሄኛው አቃጠላት። ያኛው አምልጧት ነው ሊባል ይችል ይሆናል፤ ይህንን ግን ጓደኛዋ ዓይን ዓይኗን እያየ ነው ያለችው። ማክሰኞ የሒሳብ ፈተና ነበራት፤ ከአሥር ጥያቄ አራቱን ሳትነካ ወረቀቷን መለሰች።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ወጥታ ስልኳን ከቤት ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ምን እንደምታደርግ አልወሰነችም። ዝም ብዬ አይቼው እመለሳለሁ ብላ ራሷን እያታለለች ነበር የምትራመደው። ዳሞታ ደመና ለብሶ፣ ዝናቡ ሊመጣ ነው።

ቢሮው በር ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ቢኒና እናቱ ወይዘሮ ትርፌ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ትርፌ ገበያ ላይ ዝንጅብላቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው በዚያው የሥራ ልብሳቸው ነው የመጡት። ሜላትን ሲያዩ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

«ልጄ፣ መጣሽለት?» አሉና እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ጦሲ፣ እግዜር ይባርክሽ። አብረውት ከሚዘምሩት አንድም ሰው አልመጣም። አንቺ ብቻ ነሽ።»

ሜላት እጇን መንጠቅ ፈልጋ አልቻለችም። የሴትየዋ መዳፍ ሻካራ ነው፤ ዝንጅብል ይሸታል። ምስጋና እንዲህ ሊያም እንደሚችል አታውቅም ነበር። ቢኒ ወደ እሷ አልዞረም፤ ጣቶቹን እያፍተለተለ መሬት መሬት ያያል። ምንም ሳያደርግ፣ ጥፋት እንደሠራ ሰው አንገቱን ደፍቷል። ሜላት ይህን አይታ ዝም ብላ ወደ ቤቷ መመለስ እንደማትችል ያኔ ገባት።

በነፃ እጇ ስልኳን አውጥታ ድረ ገጹን ከፈተችው። ሊንኳ፣ የተሠራችበት ቀን፣ ከላይ ደግሞ ሙሉ ስሟ፦ ሜላት ቦልቴ።

በሩ ተከፈተ። የሽማግሌዎች ጸሐፊ አባቷ ስለሆኑ ስም የሚጠሩትም እሳቸው ናቸው። «ቢንያም፣ ግባ» አሉ። ቀጥለው ልጃቸውን አዩ። «አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ዝናቡ ሳይጥል ወደ ቤት ሂጂ።»

ቢኒ ተነሳ። ሜላትም ተነሳች።

«አባዬ፣ እሁድ ለጠየቅከኝ ግማሹን ብቻ ነው የመለስኩልህ» አለችና ስልኩን ዘረጋችላቸው።

አቶ ቦልቴ ተቀብለው አነበቡ፤ ስሟ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ሲለወጥ አየችው። ስትፈራው የሰነበተችው ይህንኑ ነበር። ሆኖም ከማየት አልሸሸችም። ከውስጥ ጋሽ ጩማ ለምን እንደዘገዩ ጠየቁ።

«ግቢ» አሏት አባቷ በመጨረሻ፣ በሩን እየከፈቱላት።

ሜላት ደፉ ላይ ስትደርስ ወደ ኋላ ዞረች። ቢኒ ይግባ ወይስ ይቀመጥ ግራ ገብቶት ቆሟል።

«እሱም አብሮኝ ይግባ» አለች። «ለሱም ገና አልነገርኩትም።»